የአእምሮ ሕመምተኛ ወጪ በማን ደብተር ይጻፋል?

አብነት የሚለው ቃል በቋንቋችን ምሳሌ ማለት ነው። አባቶቻችን ደግሞ ለበሽታ የሚታዘዘውን የባህል መድኃኒት አብነት ይሉታል። በልደታ ክፍለ ከተማ ከመርካቶ ጎን የሚገኘው ሰፈር በዚህ ስም የተጠራበትን ምክንያት ለስም መርማሪዎች እንተወውና፣ እኛ ዛሬ ሰፈሩን የነገራችን መነሻ ያደረግነው ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። ይኸውም አብነት ለአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ቅርብ መሆኑ ነው። በቀላል ባቡሩ መስመር የአብነትና የሰባተኛ ጣቢያዎች ተከታታይ ናቸው፤ በእግሩ የሚሄድም ሰው ብዙ ሳይደክም ከሆስፒታሉ በር ይደርሳል። ከዚህም ጋር በሰፈሩ ብዙ ሰው የሚኖረው በወር ደመወዝ ሳይሆን በጉሊት፣ በስፌት፣ በጥገናና በቀን ሥራ ነው።

ሆስፒታሉ በደጁ ላለ ሰው የሕክምናው ወጪ ቀላል ነው ብሎ የሚያስብ አይጠፋም። ከዚህም አልፎ ያ ሰው የጤና መድን መታወቂያ በኪሱ ከያዘ ጭንቀቱ ሁሉ የቀረለት ይመስላል። እኛም ነገሩን ቀርበን ሳንመረምረው ይኸው ይመስለን ነበር። ዳሩ ግን የአእምሮ ሕመም ወጪ እንደ ሌላው ሕመም በደረሰኝ ተቆጥሮ የሚያልቅ አይደለም። ከመድን ጽሕፈት ቤቱ ደብተር ላይ የቀነሰው ብር በሌላ ሰው ደብተር ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ያ ሰውም ብዙውን ጊዜ ደብተር የማይዝ ሰው ነው።

አማኑኤል የተቋቋመው በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ አሥርተ ዓመታት በመላው አገር ለአእምሮ ሕሙማን ተብሎ የቆመ ብቸኛው ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ከጎንደርም ቢሆን ከሐረር፣ ከጅማም ቢሆን ከወሎ፣ ቤተሰብ የጨነቀው እንደ ሆነ እጁን አስሮ ይዞት የሚመጣው ወደዚሁ ነበር። የሆስፒታሉ ስም ራሱ ከሕመሙ ጋር ተጣብቆ፣ የአዲስ አበባ ልጆች እርስ በርሳቸው ሲቀላለዱ «አንተን ወደ አማኑኤል ነው መውሰድ» ይባባሉ ነበር። በ1979 ዓ.ም. የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን በዚሁ ቦታ ተጀመረ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የተነደፈው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም ሕክምናው በአንድ ግቢ ተወስኖ እንዳይቀር፣ እስከ ጤና ጣቢያ ድረስ እንዲወርድ አሳስቧል። ይህ ሁሉ መልካም ሥራ ነው።

የመድኑ ነገር የመጣው ከዚህ ጋር በአንድ ወቅት ነው። በ2002 ዓ.ም. ስለ ማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ወጣ፤ ይህ ለደመወዝተኛው የታሰበ ሲሆን ለብዙ ዓመታት ከወረቀት ሳይወርድ ቆየ። ደመወዝ ለሌለው ሕዝብ የታሰበው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ግን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ በብዙ ቦታ ተስፋፋ፤ አዲስ አበባም ገባ። አሠራሩ ግልጽ ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው ድኃ መንግሥት ይከፍልለታል፤ ከዚያ በኋላ ውል በተገባባቸው ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ለምርመራ፣ ለአልጋና ለመድኃኒት በየጊዜው ከኪሱ ሳይከፍል ይታከማል። ወደ ውጭ አገር ሄዶ መታከምና ለመልክ ማሳመሪያ የሚደረግ ሕክምና በመድኑ አይሸፈኑም። የአእምሮ ሕመም ግን ከጥቅሙ አልወጣም። ቀድሞ ድኃው ከቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀት ለማጻፍ ስንት ቀን ይመላለስ እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው፣ ይህ ምን ያህል መሻሻል እንደ ሆነ ይመሰክራል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንጽፈው መድኑን ለመንቀፍ አለመሆኑን አንባቢ እንዲረዳልን እንለምናለን።

መድኑ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይሠራል፤ ይከፍላል፣ ደግሞም ይመራል። የሚመራውም በደረጃ ነው። ሕመምተኛው መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያው ይሄዳል፤ ጤና ጣቢያው ካልቻለ የሪፈር ወረቀት ጽፎ ወደ ሆስፒታል ይልከዋል፤ ደረጃውን ዘሎ የሄደ ሰው የመድኑን ጥቅም ያጣል ወይም ይጎድልበታል። እንዲህ ያለውን አሠራር በአሜሪካ «ማኔጅድ ኬር» ይሉታል፤ እኛም በልክ የሚመራ ሕክምና ብንለው ይስማማዋል። ሐሳቡ ጉንፋን የያዘው ሁሉ ስፔሻሊስት ፊት እንዳይሰለፍና የሕዝብ መዋጮ በከንቱ እንዳያልቅ ነው። በሐሳቡ ላይ ጠብ የለንም።

አሁን አንዲት የአብነት እናት በሐሳባችን እንውሰድ። ባሏ ሞቷል፤ በጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ወንድ ልጇ 22 ዓመቱ ነው። ከትምህርቱ ቀረ፣ ሌሊት መተኛት ተወ፣ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፣ ጎረቤት ሊመርዘኝ ነው ይላል። እናትየው መጀመሪያ ወደ እንጦጦ ጠበል ወሰደችው፤ በዚያም ሁለት ወር ከእርሱ ጋር ተቀመጠች። እምነት የሚሰጠውን መጽናናት የምንነቅፍ አይደለንም፤ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ብዙ አባቶችና ሐኪሞች ተስማምተውበታል። ነገር ግን ስለ ወጪ የምንነጋገር እንደ መሆናችን፣ በእነዚያ ሁለት ወሮች ጉሊቱ ተዘግቶ እንደ ነበረ መቁጠር ግዴታችን ነው።

ከዚያ በኋላ የመድን መታወቂያዋን ይዛ ተነሣች። የመጀመሪያው እንቅፋት ገና ከመታወቂያው ላይ ጠበቃት። በመድኑ ደንብ ቤተሰብ የሚባለው አባት፣ እናትና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው፤ 18 የሞላው ልጅ የሚገባው ተጨማሪ መዋጮ ሲከፈልለት ነው። ይህ ደንብ ለጤነኛ ልጅ ትክክል ነው፤ 18 የሞላው ሠርቶ ይብላ ማለት ነውና። ይሁን እንጂ ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በ18ና በ30 ዓመት መካከል ነው። ልጅየው ራሱን ችሎ ከቤተሰቡ መታወቂያ ይወጣል ተብሎ በሚጠበቅበት ዕድሜ፣ ሕመሙ መልሶ ወደ እናቱ ጓዳ ያስገባዋል። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ክፋት አስበው አይደለም፤ የጻፉት ለብዙኃኑ ነው። ደንብ ግን ሲጻፍ ከብዙኃኑ ውጭ ያለውም ሰው በጠረጴዛው ላይ ሊታሰብ ይገባ ነበር።

ተጨማሪውን ከፍላ ልጁን አስመዘገበችው እንበል። ሆስፒታሉ በእግር የሚደረስ ሲሆን፣ ደንቡ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ ይላታል። ጤና ጣቢያው በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ነርስ ካለው መልካም ነው፤ እዚያው ይጀምርለታል፤ ባይኖረው ግን የዚያ ቀን ጉዞ የወረቀት ጉዞ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሰው ይከተለኛል እያለ የሚደነግጥን ጎልማሳ ልጅ ከሰው መካከል በወረፋ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ያየው ያውቀዋል። አንድ ሰው አይበቃም፤ ወንድም ወይም ጎረቤት አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የጠፋው ቀን አንድ ሳይሆን ሁለት ነው።

በመጨረሻ ሐኪሙን አገኘች፤ መድኃኒት ታዘዘ። ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ደርሳ ወረቀቱን ሰጠች። በየመስኮቱ የሚሰማው ንግግር እንዲህ የሚል ነው፦

«እማማ፣ ይኸኛው አለ፤ ይኸኛው ግን አልቋል። ከውጭ ይግዙ።»

«ልጄ፣ መድን አለኝ እኮ።»

«አውቃለሁ እናቴ። መድኑ የሚሠራው ላለው መድኃኒት ነው።»

ወጣቱ ፋርማሲስት ውሸት አልተናገረም፤ በደልም አልሠራም። ነገር ግን በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ የመድኑ ጉዳይ ሁሉ ተጠቃልሎ ይገኛል። ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን የሚባሉት አሮጌ መድኃኒቶች ዋጋቸው ረከስ ያለ ነው። በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ የፍሉፌናዚን መርፌም አለ፤ ኪኒን መዋጥ ለሚረሳ ወይም ለሚሸሽ ሕመምተኛ ትልቅ እርዳታ ነው። በእነዚህ ያልተሻለው ሰው ግን ሌላ መድኃኒት ይታዘዝለታል፤ ሊቲየም ወይም ክሎዛፒን ሲሆንም የደም ምርመራ ይከተላል። ከእነዚህ አንዱ ከመንግሥት መድኃኒት ቤት በጠፋ ጊዜ ቤተሰቡ ከግል መድኃኒት ቤት በራሱ ብር ይገዛል፤ ብር ባጣ ጊዜ ደግሞ ሕመምተኛው መድኃኒቱን ያቋርጣል። ያን ወር መድኑ ምንም አልከፈለም። በሒሳቡ ላይ ወጪ ቀነሰ ማለት ነው።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት ወደ አሜሪካ ጥቂት ብንሻገር አይከፋም። በዚያ አገር ለድኆች ሕክምና መንግሥት የሚከፍልበት ሜዲኬይድ የሚባል መድን አለ። የማሳቹሴትስ ግዛት በ1992 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር የአእምሮ ሕክምናውን ክፍል ለይታ ወጪውን በልክ ለሚመራ የግል ኩባንያ በኮንትራት ሰጠች። በመጀመሪያው ዓመት ወጪው ይሆናል ተብሎ ከተገመተው በ22 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ የቀነሰውም በተለይ የአልጋ ቀን በማሳጠርና ዋጋ በማውረድ ነበር። መርማሪዎቹም አገልግሎት ያገኘው ሰው ቁጥር በጠቅላላው እንዳልወደቀ ጻፉ። ይህን የሰሙ ሌሎች ግዛቶች ተከተሉ። ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ ግን በዋሽንግተን ግዛት፣ የሲያትል ከተማ በምትገኝበት በኪንግ ካውንቲ፣ ሌሎች መርማሪዎች ከሕክምናው ደብተር ጋር የእስር ቤቱንም ደብተር አብረው ገለጡ። በዚያም ሕክምናው በልክ ወደሚመራው አሠራር ከዞረ በኋላ፣ በመድኑ ውስጥ ያሉት ከባድ ሕሙማን ወደ እስር ቤት የመግባት ዕድላቸው ከሌሎቹ ይልቅ ከፍ ብሎ አገኙት። ወጪው ጠፍቶ አልነበረም፤ ከሐኪም ቤት በር ወጥቶ ወደ እስር ቤት በር ተሻግሮ ነበር እንጂ።

በእኛ አገር የሚሻገረው ግን በአብዛኛው ወደ እስር ቤት አይደለም፤ ወደ እናት ጓዳ ነው። ጓዳው ሲሞላ ደግሞ ወደ ጎዳና ይወጣል፤ ከዚያም እንደ መቄዶንያና እንደ ጌርጌሴኖን ያሉ የበጎ አድራጎት ማኅበሮች ያነሡታል። እነዚህ ማኅበሮች የሚኖሩት ሕዝብ በሚያዋጣው ገንዘብ ነው። እንግዲህ ሕዝቡ ለአንድ ሕመምተኛ ሁለት ጊዜ ያዋጣል ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ በመድኑ፣ አንድ ጊዜ መድኑ ያላነሣውን ለማንሣት።

የነገሩ ሥር የት እንዳለ ስንመረምር የሚከተለውን አገኘን። መድን የሚባል ነገር ሁሉ የተሠራው የሚያመው ሰው ራሱ ይመጣል በሚል ሐሳብ ላይ ነው። ወባ የያዘው ይንቀጠቀጣል፣ ይመጣል። ጥርሱን ያመመው ሌሊቱን ሙሉ አያድርም፣ ይመጣል። ስለዚህ የመድን አስተዳዳሪ የሚፈራው ሰው ሳያስፈልገው አብዝቶ እንዳይመጣ ነው፤ ደረጃውንና ወረቀቱን ያቆመው ለዚህ ነው። በከባድ የአእምሮ ሕመም ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሕመሙ ሲበረታ ሕመምተኛው አልታመምኩም ይላል፤ ቀጠሮውን ይተዋል፤ መርፌውን ይሸሻል። አለመምጣቱ የመዳኑ ምልክት ሳይሆን የመባሱ ምልክት ነው። ለሚመጣው ሰው የተሠራ በር፣ መምጣት ለማይችለው ሰው ግድግዳ ይሆንበታል። የሂሳብ ሹሙም ባዶውን መስመር አይቶ «በዚህ ክፍል ወጪያችን ተስተካክሏል» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። ሹሙን አንነቅፈውም፤ እንዲቆጥር የተሰጠው ብር እንጂ ሰው አይደለም።

ከዚህ ጋር ሐኪም ቤቶች የሚከፈላቸው በምን መንገድ እንደ ሆነ ማየት ያሻል። በማኅበረሰብ አቀፉ መድን ጤና ተቋሙ በአብዛኛው ሲከፈለው የኖረው ለሠጠው አገልግሎት ሒሳብ አቅርቦ ነው። በአሜሪካው አሠራር ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በነፍስ ወከፍ ነው፤ ማለት ሰውየው መጣም ቀረም የተወሰነ ገንዘብ ይሰጣል። የመጀመሪያው ለመጣ ሰው ብቻ ይከፍላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሰው ሲቀር ኩባንያውን ያተርፋል። ስለ አብነቷ እናት ልጅ ያየን እንደ ሆነ ሁለቱም አንድ ጉድለት አለባቸው፤ የቀረውን ሰው ሄዶ ለሚፈልግ ነርስ የሚከፍል ማንም የለም።

የዚህ ጉድለት ዋጋ በአገራችን ተለክቷል። በቡታጅራ አካባቢ ተመራማሪዎች ከ1990 ዓ.ም. ጀምረው ከስድሳ ሺሕ የሚበልጥ ሕዝብ ቤት ለቤት ጠይቀው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለይተው ለዓመታት ተከታተሉ። ከ919 ሕሙማን መካከል በ10 ዓመት ውስጥ 121 ሞቱ። ይህ ከአካባቢው ሕዝብ የሞት መጠን ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ያህል ነው፤ እያንዳንዱም ሟች በአማካይ ከ28 ዓመት የማያንስ ዕድሜ አጥቷል። አንባቢ ራሳቸውን አጠፉ ብሎ ያስብ ይሆናል፤ እንዲያም ያደረጉ አሉ። ከሟቾቹ ግማሽ የሚሆኑት ግን የሞቱት በተላላፊ በሽታ ነው፤ ማለት ማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊያክመው በሚችለው ነገር ነው። ለሥጋ ሕመማቸውም ቢሆን ወደ ሐኪም የሚያመጣቸው ሰው አልነበራቸውም።

በዚያው በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ ደግሞ የቤተሰቦችን ኪስ የመረመረ ጥናት አለ። ከባድ የአእምሮ ሕመምተኛ ካለባቸው ቤቶች መካከል ከመቶ 32 የሚሆኑት ለሕክምና ያወጡት ገንዘብ ከመክፈል አቅማቸው 40 በመቶ ደርሶ ወይም አልፎ ተገኝቷል። ሕመምተኛ በሌለባቸው ጎረቤቶች ቤት ይህ የደረሰባቸው ከመቶ 18 ነበሩ። ይህም የተቆጠረው ከኪስ የወጣው ብር ብቻ ነው። የተዘጋው ጉሊት፣ ያልታረሰው ማሳ፣ ወንድሟን ለመጠበቅ ከትምህርት ቤት የቀረችው እኅት በዚህ ቁጥር ውስጥ ያሉ አይደሉም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንዳንድ ሰዎች ደረጃው ይፍረስና ሁሉም በቀጥታ አማኑኤል ይግባ ይላሉ። ይህን አንደግፍም። አማኑኤል የአገር ሁሉ ሆስፒታል ነው፤ ለአብነት ሰው ቅርብ ቢሆንም ለመተከል ሰው ሩቅ ነው። ለመተከሉ ሰው የሚያስፈልገው ደረጃው መፍረሱ ሳይሆን የመጀመሪያው ደረጃ መጠንከሩ ነው። ይህም የሚቻል መሆኑ ታይቷል። ከዚያው ከቡታጅራ አካባቢ በ2022 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር የታተመ የሙከራ ውጤት፣ ሠልጥነው ክትትል የሚደረግላቸው የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ለከባድ የአእምሮ ሕሙማን የሚሰጡት ሕክምና፣ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች በሆስፒታል ከሚሰጡት እንደማያንስ አሳይቷል። ስለዚህ መድኑ «መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ» ማለቱ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ በጤና ጣቢያው ሠራተኛውና መርፌው መኖራቸውን ሳያረጋግጥ ማለቱ ነው። የአማኑኤል ሐኪም አንድ ጊዜ መርምሮ ያስጀመረው ሰው፣ ወርኃዊ መርፌውን በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ቢወጋ እናቱ ጉሊቷን የምትዘጋው ለአንድ ሰዓት ብቻ ይሆናል።

ሌላው ነገር ከገንዘብ ይልቅ የጽሕፈት ሥራ ነው፤ ለዚህም ነው ይህን ጽሑፍ ለወጣት ሠራተኞች የጻፍነው። በየወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው መዝገብ የሚሞሉት እናንተ ናችሁ፤ ነገም ደንቡን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። በመዝገቡ ላይ የከፈለ ሰው፣ የታከመ ሰውና የወጣ ብር ይጻፋል። በአእምሮ ሕሙማን ዘንድ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ዓምድ ቀጠሮ ኖሮት የቀረ ሰው ነው፤ ይህን ዓምድ ለመጨመር የሚያስፈልገው ማስመሪያና እስክሪብቶ ነው። የቀረውን ሰው ስም ይዞ ቤቱን የሚያንኳኳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም በየሰፈሩ አለ። መርፌው ከቀረበት በሳምንቱ የተደረሰበት ሰው በጤና ጣቢያ ይድናል፤ ከሦስት ወር በኋላ የተደረሰበት አልጋ ይይዛል፣ ያም አልጋ ለመድኑ ከመርፌው ብዙ እጥፍ ይፈጅበታል። ቁጠባ ለሚወድ ሹምም ቢሆን ሒሳቡ በዚሁ መንገድ ነው የሚወጣው።

ደግሞም ነገሩ የሽንኩርት ሻጯ ብቻ አይደለም። ደመወዝተኛው የሚያዋጣበት መድን በሚሠራበት ጊዜ፣ ከወር ደመወዙ የሚቆረጥበት ወጣት ሹም ቤተሰቤ ብሎ የሚያስመዘግበው ማንን ነው? ከእኛ መካከል ታማሚ ወንድሙን ወይም እኅቱን በጓዳ አስቀምጦ ቢሮ የሚገባ፣ ለባልደረባው ግን የማይናገር ስንት አለ? ወንድሙ 18 ዓመት ስለ ሞላው በመታወቂያው ላይ ካልተጻፈለት፣ ያ ወጣት ለራሱ ጉንፋን መድን ገብቶ የቤቱን ትልቁን ሕመም ከኪሱ እየከፈለ ይቀጥላል። ደንቡን የሚያረቅ ሰው በሐኪም ማስረጃ የተረጋገጠ ከባድ የአእምሮ ሕመምተኛን ዕድሜው ስንትም ቢሆን ከሚያኖረው ሰው መታወቂያ ላይ እንዲጻፍ ለመፍቀድ አንዲት አንቀጽ ትበቃዋለች።